ሁለተኛ ትዳር ልንመሠርት ነው፤ ቤቱ፣ ዕዳውና ልጆቹ እንዴት ይሁኑ?

የሰሚቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። የመጀመሪያ ትዳሬ በፍቺ ካለቀ ቆይቷል። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ትንሿ ሦስተኛ። አሁን አንድ ደግ ሰው አግኝቻለሁ። ሽማግሌ ተልኮ ቤተሰብ ተስማምቷል፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንፈራረማለን። እሱም ትዳር ፈትቷል። አንዲት ልጅ አለችው፣ በየወሩ ቀለብ ይቆርጥላታል።

ያለን ነገር ይህ ነው። እኔ ሰሚት ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አለኝ። በፍቺው ክፍፍል የደረሰኝ ነው፣ የባንክ ዕዳው ግን ገና አላለቀም። እሱ ሐዋሳ ያከራየው ቤት አለው። በብድር የገዛው አይሱዙም አለው፣ እየከፈለ ነው። ሁለታችንም ዕቁብ እንጥላለን። ስንጋባ የምንኖረው እኔ ቤት ነው።

ወንድሜ "ውል ሳትጽፉ እንዳትፈራረሙ" ብሎ ይዞኛል። የእሱ እህት ይህን ሰምታ ከፍቷታል፤ "ገና ሳይገቡ መውጫውን ያያሉ" አለች አሉ። እሱ ራሱ ምንም አላለም። ዝምታው ነው ያስጨነቀኝ። ቤቴ ለልጆቼ እንዲቀር እፈልጋለሁ፤ እሱንም ማስቀየም አልፈልግም። ከየት ልጀምር?

ኮልፌ

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ግን ይሄ የውል ነገር አይዋጥልኝም። ትዳር ሽርክና አይደለም። ከልብ ከተዋደዳችሁ ምን ወረቀት ያስፈልጋል? አባቶቻችን ያለ ውል ኖረው አልፈዋል። ሰውየው ዝም ያለው ተሰምቶት ነው፣ ይገባኛል።

የደብረ ማርቆሷ

ወንድሜ ኮልፌ፣ አባቶቻችን ያለ ውል አልኖሩም። ሰማንያ ምን ነበር ታዲያ? እኛ አገር ሽማግሌ ተቀምጦ የእሱ በሬ ስንት፣ የእሷ ላም ስንት ተብሎ በምስክር ፊት ይቆጠር ነበር። ሲለያዩም በዚያው ሒሳብ ነው። ማንም እንደ ነውር አይቶት አያውቅም። በተለይ ፈት ከፈት ሲጋባ፣ ልጅ ያለው ልጅ ካላት ጋር ሲጋባ፣ "የልጆቹ ከብት ይለይ" የሚለው የመጀመሪያው ነገር ነበር።

ጠበቃው

የቤተሰብ ጉዳይ ነው የምይዘው፤ ስለዚህ ሕጉን ልንገርሽ። አዲስ አበባ የሚሠራበት በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ክልሎች የየራሳቸው አላቸው፤ ሌላ ቦታ ያላችሁ የአካባቢያችሁን እዩ።

በአንቀጽ 57 መሠረት ከጋብቻ በፊት የነበረሽ ንብረት የግልሽ ሆኖ ይቀጥላል። ከጋብቻ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ የምታገኚውም እንደዚያው። ስለዚህ የሰሚቱ ቤት ስለተጋባችሁ ብቻ የጋራ አይሆንም። የእሱ የሐዋሳ ቤትም የእሱ ነው። ሰው እዚህ ድረስ ይሰማና እፎይ ይላል። ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አንቀጽ 63 በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት ሁሉ፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ይላል። የማስረዳቱ ሸክም "የግሌ ነው" ባዩ ላይ ነው። ካርታው በስምሽ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። እኔ የማያቸው ክርክሮች አብዛኞቹ ወረቀት የጠፋባቸው ናቸው፤ ሰዎቹ አልዋሹም፣ ማስረጃ ግን የላቸውም። የፍቺ ውሳኔሽንና የክፍፍሉን ውሳኔ ማኅተም ያለበት ግልባጭ አውጪ። እስከ ጋብቻችሁ ቀን የከፈልሽውን የሚያሳይ የባንክ ስቴትመንትም ጨምሪበት።

አንቀጽ 62ን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ ሁሉ የጋራ ነው። ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢም የጋራ ነው። ደመወዝሽ የጋራ ነው። የሐዋሳው ቤት የእሱ ቢሆንም ኪራዩ የሁለታችሁ ነው። ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ የኮንዶሚኒየሙን ወርሃዊ ክፍያ ከደመወዝሽ ስትከፍዪ በጋራ ገንዘብ ነው የምትከፍዪው። ቤቱ የግል፣ ክፍያው የጋራ ይሆናል። ሰው ሲጣላ ጭቅጭቁ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሌላው አንቀጽ 58 ነው። በትዳር ውስጥ የግል ቤትሽን ሸጠሽ በዚያው ገንዘብ ሌላ ቤት ብትገዢ፣ አዲሱ ቤት ዝም ብሎ የግልሽ አይሆንም። ፍርድ ቤት አመልክተሽ "የግሏ ነው" ተብሎ መወሰን አለበት። ከሰሚት ወደ ሰፊ ቤት እንቀየር ስትባባሉ ይህን አስታውሺ።

የጋብቻ ውል ይህንን ሁሉ አስቀድሞ ለመቋጨት ነው። ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ በጽሑፍ ይደረጋል። አራት ምስክሮች ይፈርሙበታል፣ ሁለት በባል በኩል ሁለት በሚስት በኩል። የእናንተ ውል ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ያለው ንብረት ይዘረዘራል፣ የቀረው ዕዳ በብር ይጻፋል፣ ኪራዩና ወርሃዊ ክፍያው እንዴት እንደሚታሰብ ይቀመጣል። ስትመዘገቡ ቅጂውን አብራችሁ አስገቡ።

የባሕር ዳሯ

እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ለባለቤቴ ሁለተኛ ትዳሩ ነበርኩ። ከመጀመሪያ ሚስቱ ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ትልልቅ ናቸው፣ መልካም ልጆች ናቸው። የምንኖርበት ቤት እኔን ሳያገባ የሠራው ነው። አብረን ስንኖር ጣሪያ ቀይረናል፣ ሰርቪስ ቤት ጨምረናል፣ አጥር አጥረናል። ደረሰኝ የሚባል ነገር አልያዝኩም። በቤቴ ላይ ደረሰኝ ማን ይይዛል?

ታሞ ሲያርፍ አርባው ካለፈ በኋላ ልጆቹ የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥተው መጡ። አልጮኹብኝም። ቡና አፍልቼ አብረን ጠጣን። ከዚያ ትልቁ ልጅ ወረቀቱን ዘርግቶ "እማማ፣ ቤቱ የአባታችን ነው፣ ልንሸጠው ነው" አለኝ። ስሜን ብፈልግ የለም። የሚስት ውርስ የለም ለካ! ያገኘሁት የጋራ የተባለውን እቃ ግማሽ ነው፣ ፍሪጅና ሶፋ ማለት ነው። አሁን ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ልጆቹን አልወቅስም፣ ሕጉ የሰጣቸውን ነው የወሰዱት። ግን እሱ በሕይወት እያለ አንዲት ወረቀት ቢጽፍልኝ ኖሮ!

የሰሚቷ

እትዬ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እውነት ነው? ባልና ሚስት አይዋረሱም? እኔ ይህን ጭራሽ አላውቅም ነበር።

ጠበቃው

እውነት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ሳይኖር የሞተ ሰው የመጀመሪያ ወራሾቹ ልጆቹ ናቸው፣ እኩል ይካፈላሉ። ባል ወይም ሚስት በወራሽነት ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። በሕይወት ያለው ወገን የሚወስደው ከጋራ ንብረቱ የራሱን ግማሽ ነው። የእንጀራ ልጅም በሕግ አይወርስም። ባልሽ ልጆችሽን እንደ ልጁ ቢያሳድግም፣ በጉዲፈቻ ካልወሰዳቸው ወይም በኑዛዜ ካላሰባቸው ምንም አይደርሳቸውም።

ነገሩን በእናንተ ላይ እንየው። አምስት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ አያት አካባቢ አንድ ቤት ገዛችሁ እንበል። የጋራ ነው። እሱ ቢሞት ግማሹ ያንቺ፣ ግማሹ የልጁ ይሆናል። አንቺና የአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች ልጅ፣ በእናቷ ሞግዚትነት፣ የአንድ ቤት ባለቤቶች ናችሁ ማለት ነው። አንቺ ብትሞቺ ደግሞ ልጆችሽና እሱ፣ የልጆቹ አባትም በሞግዚትነት፣ በአንድ ቤት ጉዳይ ይጋፈጣሉ። ስለዚህ ከጋብቻ ውሉ ጎን ኑዛዜ ያስፈልጋችኋል። እሱ "ቤቱ የልጄ ይሁን፣ ባለቤቴ ግን በሕይወት እስካለች ትኑርበት" ብሎ መናዘዝ ይችላል። የባሕር ዳሯን እህታችንን የሚያድናት ይህ ነበር።

አደራ የምላችሁ ግን አብራችሁ በአንድ ወረቀት እንዳትናዘዙ። ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። ተዋደው አንድ ወረቀት ላይ የፈረሙ ጥንዶች አጋጥመውኛል፣ ልጆቹ በአንድ ቀጠሮ አፈረሱት። ለየብቻ ጻፉ። በእጅ የሚጻፍ ከሆነ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በራሳችሁ የእጅ ጽሑፍ መሆን አለበት። በኮምፒውተር ከተጻፈ ግን በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ብትፈጽሙት ሁለት ምስክር ይበቃል። እኔ ይህን ነው የምመርጠው፣ ዋናው እዚያ ስለሚቀመጥ አይጠፋም፣ አይካድም።

ኮልፌ

የእትዬ ታሪክ አሳዝኖኛል። ኑዛዜው ላይ እስማማለሁ። ውሉ ላይ አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ቢያንስ ጠበቃ ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት ሁለታችሁ ብቻችሁን ተነጋገሩ። ሰው በጠበቃ አፍ ከሰማው ይጎመዝዘዋል።

የባንኳ ልጅ

ኮልፌ ያለው ልክ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ያስፈልጋል። እኔ ባንክ ነው የምሠራው፣ ስለ ወር ወጪ ልጨምር። ሁለተኛ ትዳር ላይ ሰው የሚጣላው በቤትና በመሬት ብቻ አይደለም። "የልጅሽን ትምህርት ቤት ለምን እኔ እከፍላለሁ" የምትለዋ ነገር ናት ቀስ ብላ የምትበላው።

ደንበኞቼ ላይ ሲሠራ ያየሁት ሦስት ሒሳብ መክፈት ነው። አንቺ የራስሽ፣ እሱ የራሱ፣ አንድ የቤት የጋራ። ሁለታችሁም ወር በገባ በሁለተኛው ቀን ወደ ጋራው ታስገባላችሁ። ስንት ለሚለው እኩል አትካፈሉ፣ እንደ ገቢያችሁ አድርጉት። ለምሳሌ የእሱ ገቢ 36,000 ብር ይሁን፣ ቀለቡ 6,000 ይሁን። ቀለቡ መጀመሪያ ይውጣ፤ የልጅ ድርሻ ነው፣ ለድርድር አይቀርብም። 30,000 ይቀራል። ያንቺ 18,000 ይሁን። የቤቱ ወጪ፣ አስቤዛውም መብራትና ውሃውም ሠራተኛዋም ተደምሮ 24,000 ቢሆን፣ እሱ 15,000 አንቺ 9,000 ታስገባላችሁ። በዚህ ሒሳብ ማንም ተበለጥኩ አይልም።

የልጆችሽ አባት ቀለብ የሚሰጥ ከሆነ ለብቻ በልጆቹ ስም ይግባ። የዕቁብ ነገር ደግሞ፣ ዕጣው ሲወጣ ለምን እንደሚውል ከአሁኑ ተባባሉ። ዕቁብ ወጣ ሲባል ዘመድ ሁሉ የሚያስታውሳችሁ ያን ቀን ነው።

የጋራ ሒሳቡን ስትከፍቱ "በሁለቱም ፊርማ" ወይስ "በአንዳቸው ፊርማ" ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ቅጹን ሳታነቡ አትፈርሙ። አንዱ ቢሞት ሒሳቡ ላይ ወራሾች መጥተው እስኪጣራ ሊታገድ ስለሚችል፣ ቢያንስ የጥቂት ወር አስቤዛ የሚሆን በየግላችሁ ይኑር።

ጠበቃው

በባንኳ ልጅ ሐሳብ እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሒሳብ ለየብቻ መክፈት ገንዘቡን በሕግ የግል አያደርገውም። በትዳር ውስጥ የገባ ደመወዝ በማንም ስም ቢቀመጥ የጋራ ነው። የግል እንዲሆን ከፈለጋችሁ በጋብቻ ውሉ ይጻፍ።

የሰሚቷ

ትናንት ማታ አወራነው። ጠበቃውም እትዬም ያላችሁትን አነበብኩለት። ዝም ያለው በወንድሜ ተቆጥቶ መስሎኝ ነበር። ለካስ እሱም የሐዋሳው ቤት ለልጁ እንዲቀር ፈልጎ፣ እኔ ቅር እንዳይለኝ ፈርቶ ነው። እናቷ "አባትሽ ሲያገባ ቤትሽን ልታጪ ነው" ብላት ልጅቷ ደውላ አልቅሳበታለች። ለእህቱ ራሱ ሊነግራት ነው።

ሁለት ነገር ቀረን። ኪራዩን ለልጅቷ ትምህርት ብቻ እንዲውል ልናደርግ እንችላለን? የአይሱዙው ብድርስ እኔን ይነካኛል?

ጠበቃው

ኪራዩን በተመለከተ ይቻላል። በውሉ ላይ "የሐዋሳው ቤት ኪራይ ለልጁ ትምህርትና አስተዳደግ ይውላል" ብላችሁ ጻፉ። ውል ከሌለ ኪራዩ የጋራ ነው።

ብድሩ ከጋብቻ በፊት የተበደረው ስለሆነ የእሱ ዕዳ ነው። አበዳሪው መጀመሪያ የሚመጣው በእሱ የግል ንብረት ላይ ነው። ያ ካልበቃው ግን ወደ ጋራው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የብድር ውሉን አብራችሁ አንብቡ፤ ስንት ቀረ፣ ምን በመያዣ ተያዘ፣ የሐዋሳው ካርታ ባንክ ውስጥ ነው ወይስ በእጁ? ሌላ የምጨምርልሽ፣ ለማን ዋስ እንደፈረመ ጠይቂው። ዋስትና በወር ክፍያ ላይ ስለማይታይ ሰው ይረሳዋል። ከጋብቻ በኋላ ግን አንቀጽ 68 አለ። ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለሰው ዋስ ለመሆን የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል። የብሩ መጠን የቆየ ነው፣ ሕጉ ግን ይሠራል።

ኡሙ ሐሊማ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ለሙስሊም እህቶቼ ልጨምር። በእኛ ሚስት ትወርሳለች። ባል ልጅ ካለው፣ ከሌላ ሚስትም ቢሆን፣ ከስምንት አንድ እጅ ይደርሳታል። ልጅ ከሌለው ከአራት አንድ እጅ። ሚስት ሞታ ልጅ ካላት፣ ከቀድሞ ባሏ የተወለደም ቢሆን፣ ባል ከአራት አንድ እጅ ይወስዳል። ሁለተኛ ትዳር ላይ ይህ ብዙ ለውጥ ያመጣል። የእንጀራ ልጅ ወራሽ አይደለም፤ ወራሽ ላልሆነ ሰው ግን እስከ ሲሶ ድረስ በወሲያ፣ በኑዛዜ ማለት ነው፣ መስጠት ይቻላል። ያሳደጋችኋቸውን ልጆች በዚህ አስቧቸው።

ባል በኒካህ፣ በጋብቻው ማለት ነው፣ ለሚስቱ የሚሰጠው መህርም የግሏ ነው። የዘገየ መህር ካለ ባል ሲሞት ውርስ ከመከፈሉ በፊት የሚከፈል ዕዳ ነውና በኒካሁ ወረቀት ላይ መጠኑ ይጻፍ። ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ ግን የሁለቱም ወገን ፈቃድ ያስፈልጋል። ልጆቹ ካልፈቀዱ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ እዚያ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ነኝ። እዚህ ላላችሁ ሁለት ነገር ልጠቁም። የሥራ ጡረታችሁ፣ 401ኬ የምንለው፣ እንደገና ስታገቡ በፌደራል ሕግ ወራሹ አዲሱ ባል ወይም ሚስት ይሆናል፤ ፎርሙ ላይ የልጆቻችሁ ስም ቢኖርም። ለልጆች እንዲሆን ከፈለጋችሁ አዲሷ ሚስት ወይም አዲሱ ባል በኖታሪ ወይም በፕላኑ ኃላፊ ፊት ፈርሞ መልቀቅ አለበት። ይህ ፊርማ የሚሠራው ከጋብቻ በኋላ ነው፣ ከሠርጉ በፊት በተጻፈ ውል ላይ ቢኖር አይበቃም። ብዙ ሐበሻ ይህን አያውቅም።

ባሏ ሞቶባት ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ ከመንግሥት ጡረታው ማለት ነው፣ በእሱ ስም የምትወስድ እህት ካለች፣ 60 ዓመት ሳይሞላት ካገባች ይቆምባታል። ከ60 በኋላ ብታገባ አይነካባትም። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት አስቡበት።

የባሕር ዳሯ

አገር ቤትም የተተኪ ጡረታ የምታገኚ ሴት ከማግባትሽ በፊት ጡረታ ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ። ድጋሚ ጋብቻ አበሉን ሊያስቆመው ይችላል።

የእድር ጸሐፊ

እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፣ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ሁለታችሁም የየራሳችሁ እድር ካላችሁ አትውጡ። አባልነቱ ስንት ዓመት የተከፈለበት ነው። ግን ወዲያው ሄዳችሁ መዝገብ አስተካክሉ። የእኛ እድር የሚከፍለው በቤተሰብ ቅጹ ላይ ስሙ ለሰፈረ ሰው ብቻ ነው። አንድ አባላችን የሚስቱን ልጅ ሳያስመዘግብ ልጁ አረፈ፤ ድንኳኑን ሰጠን፣ ገንዘቡን ግን ደንቡ አልፈቀደም። እኛም ከፍቶን ነው የዋልነው። የእንጀራ ልጅ መመዝገብ የሚፈቅድ አለ፣ የማይፈቅድ አለ፣ ተጨማሪ መዋጮ የሚጠይቅም አለ። የቀድሞ ባልሽ ወይም ሚስትህ ስም ቅጹ ላይ ካለም አስወጡ።

ገርጂ

ይቅርታ፣ እኔ ዘግይቼ ነው። እኛ ከተጋባን አራት ዓመት ሆኖናል። ውል የለንም፣ ሁለታችንም ከበፊት ልጅ አለን። አሁን መጻፍ አይቻልም ማለት ነው?

ጠበቃው

ይቻላል፣ መንገዱ ግን ይለያል። በአንቀጽ 73 መሠረት ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይሠራም። ስለዚህ ስምምነታችሁን ጽፋችሁ ለፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ። ኑዛዜ ግን ማጽደቅ አያስፈልገውም፣ ነገም መጻፍ ትችላላችሁ፤ እኔ ብሆን በእሱ እጀምራለሁ። ስትመጡ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን፣ የካርታና የሊብሬ ኮፒ፣ የብድር ውሎቹን፣ የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬትና የቀድሞውን የፍቺ ውሳኔ ያዙ። ከጋብቻ በፊት የነበረው የቱ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የመጣው የቱ እንደሆነ ሁለታችሁ ቤት ተቀምጣችሁ ለይታችሁ ጻፉት። የማትስማሙበት ካለ ለብቻው አስቀምጡት፣ እሱን አብረን እናየዋለን።